የ«ሻይን» አራተኛ ካርድ

ሰፈሩ «መዝገቡ» ይለዋል። ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ኖሮ ገና አልጨረሰም። «የት ደረስክ?» ሲሉት «ኤስ ላይ» ይላል። አምናም ኤስ ላይ ነበር።

ታዲያ ብቻውን ሠራው ቢባል ውሸት ነው። ትርጉሙ የእሱ፣ ምሳሌው የሚስቱ ነበር። እሱ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ቃሉን በአማርኛ ያስረዳታል። እሷ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ግን ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ሆና አፏ ላይ የመጣላትን ትወረውርለታለች። እሱም ቀና ሳይል ለእያንዳንዱ ትርጉም ባዘጋጀው ካርድ ላይ ያሰፍረዋል። «ስስታም» ሲላት፣ «ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ስኳር ስታበድር ማንኪያውን ታራግፋለች» አለችው። እንዳለ ጻፈው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ ሁለት ወር አኩርፋለች።

«ሻይን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አራት ትርጉም ስላለው አራት ካርድ ፈለገ። ብርሃን መስጠት ለሚለው፣ «ፀሐይዋ እያበራች አንሶላ ቤት ውስጥ ማስጣት ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?» አለች። እስኪያብረቀርቅ መወልወል ለሚለው፣ «ጫማህን እስኪያብረቀርቅ ብትወለውለውም ተረከዙ አልቋል» አለች። ከእኩዮች ልቆ መታየት ለሚለው ደግሞ፣ «ልጃችን በሒሳብ ታበራለች፤ በማን እንደወጣች እንጃ!» አራተኛው የቀረው፣ ፊት በደስታ ሲያበራ የሚባለው ነበር።

«እሱን ነገ እነግርሃለሁ፤ ዛሬ እጄ ዝሏል» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተያዘ።

አምስት ወር አስታመማት። በየቀኑ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የድሮ ካርዶቿን ያነብላታል፤ መጨረሻ ላይ ባዶውን ካርድ ያነሳና ይጠብቃል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም። ልጃቸው አንጀቷ አልችል ብሎ፣ «አባዬ፣ አንዱን ራስህ ጻፍና እለፈው» አለችው። ሞከረ። «ሙሽራዋ ፊቷ በደስታ አበራ» ብሎ ጻፈ። መልሶ ሲያነበው የፈተና ጥያቄ መሰለው፤ ቀደደው።

«ነገ እነግርሃለሁ ብላኛለች» አለ ድርቅ ብሎ። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእሷ አፍ ካላገኘ ወደሚቀጥለው ቃል ላይሻገር ለራሱ ምሎ ነበር።

ሳትነግረው ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ልብስ ሰፊዋ መጣች፤ ያቺው ማንኪያ አራጋፊዋ። ከደረቷ ላይ የሰካቻቸውን መርፌዎች እንኳ አልነቀለችም። ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ካርድ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት።

«ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ይህን እኮ ለኔ ነግረውኛል። አንድ ቀን ማጠቢያው ጋ ሥራዎን ትተው ምን ያያሉ ብላቸው፣ ‹የኔ ሰውዬ ቃል ሲያገኝ ፊቱ ያበራል፤ እሱን ለማየት ስል ነው ዕቃ ማጠቤን የማቋርጠው› አሉኝ። ሳቅን።»

እስክሪብቶውን አንስቶ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ነው የገባው። እሷ እያየችው ነበር። እሱ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳሌዎቿን ሲለቅም አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያትም። ያን ሁሉ ስትነግረው ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አያውቅም። ይህ ከሞቷ በላይ አንገበገበው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ልብስ ሰፊዋ ውኃ ልትሰጠው ወደ ማጠቢያው ሄደች። የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ ከካርዱ ላይ ቀና ብሎ ሚስቱ ትቆምበት ወደነበረው ቦታ አየ።

«ይጠጡ ጋሼ» አለችው ጎረቤቱ።