የቦሱ ድምፅ

"እንግሊዝኛ ትችላለህ?" አለኝ ጋሽ ባሳ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት።

"እስከ ዘጠኝ ተምሬያለሁ።"

"ሕንድኛስ?"

"ሕንድኛ አልችልም።"

"ማልቀስስ ትችላለህ?"

"ማልቀስማ ማንን ያቅተዋል ጋሼ!"

"እንግዲያው ሕንድኛ ትችላለህ፤ ግባ" ብሎ ማይክሮፎኑን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የፊልም ተርጓሚ የሆንኩት በዚህ ፈተና ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጇን ከባቡር ስር ስትፈልግ ከእሷ ቀድሜ አለቀስኩ፤ ሥራው ጸናልኝ።

ቤቱ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ ስለተሸፈኑ በቀትር ይጨልማል። ከፊት ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ካሴት የሚያጫውተው ዴክና አምፕሊፋየር፣ ከዚያ እስከ በሩ አግዳሚ ወንበር ነው። ማዕረጉ ሦስት ነው፤ በር ላይ የሚቆም፣ ዴክ ላይ የሚቀመጥ፣ ተርጓሚ። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአንድ ዓይኑ ፊልሙን፣ በሌላው ሕዝቡን ያያል። ሕዝቡን ያላየ ተርጓሚ መቼ ማሳጠር እንዳለበት አያውቅም።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። ጠዋት ፊልሙን አንድ ጊዜ ለብቻዬ አያለሁ። ማን ማንን እንደሚገድል፣ ማን ከማን እንደተወለደ እይዛለሁ። የቀረውን ከራሴ አመጣለሁ። ለፖሊሱ፣ ለዳኛውና ለሐኪሙ አማርኛ እሰጣቸዋለሁ፤ እናቲቱ ስታለቅስ ግን ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ወላይትኛ እዞራለሁ። በቢሮ ቋንቋ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አንዳንድ ሠራተኞች "አሁን እናትየዋ ምን አለች?" ብለው ከኋላ ይጮሃሉ። "እያለቀሰች ነው፤ አይታይህም?" ይላቸዋል ሕዝቡ።

አንድ ቃል ላስረዳ፤ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባም። በኛ ቤት አክተር ማለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚደበደበው፣ የሚያፈቅረውና መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው። ሌሎቹ እንዳሻቸው ቢተውኑ አክተር አይባሉም። የክፉዎቹ አለቃ ደግሞ ቦስ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት "አክተሩ ይሞታል?" ብሎ ይጠይቃል። ይሞታል ካልከው አይገባም። ስለዚህ ጋሽ ባሳ በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ "ዛሬ 8፡00 ሰዓት። አክሽን። አክተሩ አይሞትም" እያለ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። ሁለት ጊዜ ዋሽቶ ሊደበደብ ደርሷል።

እስካሁን ልጆች "ከአክተር ማንን ትወዳለህ?" ይሉኛል። እኔ የምወደው ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው የሚነሳውን ቀጭኑን ሕንዳዊ ነው። እንባውን አይጠርግም፤ እንዲሁ ይተወዋል። ከተደባዳቢ ደግሞ ያ ዝምተኛው ቻይና፣ ከመምታቱ በፊት ጫማውን በሥርዓት የሚያወልቀው። ከእናቶች፣ ዓይኗ ጠፍቶ ልጇን በእጁ መዳፍ የምታውቀዋ። እሷን ስተረጉም አንድም ቀን ድምፄ ደህና ሆኖ አልጨረስኩም።

መብራት ይጠፋል፤ ሶዶ ነው። አንድ ቀን ልክ አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ በጣቱ ተንጠልጥሎ ሳለ ድርግም አለ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሕዝቡ ሊነሳ ሲል እኔ በባዶ አፌ ቀጠልኩ። አወጣሁት፣ ፈረስ ሰጠሁት፣ እህቱን ዳርኩለት። መብራት ሲመጣ ፊልሙ ሌላ ነገር አሳየ። "አይ! ያንተው ይሻላል፤ አጥፉት!" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልቤ አበጠ፤ አልዋሽም። በደል የሚመጣውም እንዲያ ካበጡ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ሰው ላይ ወደሠራሁት ለመድረስ ነው። በዚያ ማይክሮፎን አንድን ደህና ሰው በከተማው ሁሉ ፊት ቦስ አድርጌዋለሁ።

የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ጠፍቶ ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ምትኩ ያስፈልገኛል፤ ተርጓሚነቱ ቢሞት ሚኒባስ ልነዳ ነው ሐሳቤ። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ኃላፊ አይደሉም፣ ግን ፋይሉ ሁሉ በእጃቸው የሚያልፍ አቶ መርጊያ የሚባሉ ሰው አሉ። ጎሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ከዚያ ረጋ ብለው "ወዳጄ... ነገ ተመለስ" ይላሉ። ተመለስኩ። "ወዳጄ... ነገ ተመለስ።" እንደገና ተመለስኩ። አሥር ጊዜ! በአሥረኛው ስወጣ እልህ ይዞኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል። የመጣው ፊልም ብርቱካን የሚልጥ ቦስ ያለበት ነበር። ሰው ከማስገደሉ በፊት ልጣጩን ሳይበጥስ እስከ መጨረሻው ይልጣል፤ አይቸኩልም። ከቦሶች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ብርቱካኑን አነሳ፤ እኔም አፌን ከፈትኩ። ጎሮሮዬን ጠረግሁና የአቶ መርጊያ ድምፅ ወጣ፤

"ወዳጄ... ነገ አትመለስም።"

ተኮሰ።

አዳራሹ ፈነዳ! ሰው አግዳሚ ላይ ተንከባለለ። ግማሹ ሶዶ እዚያ ቢሮ ተመላልሷል፤ ድምፁን ያላወቀ አልነበረም። ጋሽ ባሳ ከበር ሮጦ መጥቶ "ድገመው! ድገመው!" አለ። ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠንጥኖ ቦሱ ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ገደለው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ቦስ ሁሉ፣ ሕንዱም ቻይናውም፣ በአቶ መርጊያ ድምፅ ተናገረ። ሰሌዳው ላይም "ወዳጄ ያለበት" ተብሎ ይጻፍ ጀመር።

አሥራ አንደኛው ምልልስ ደረሰ። ቢሮ ገባሁ። አቶ መርጊያ ጎሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል በጥርሴ ያዝኩት።

"ወዳጄ" አሉኝ፣ "እናትህ ቤት ውስጥ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?"

"እኔን? ዳና ትለኛለች። ዳንኤል የትምህርት ቤት ስሜ ነው።"

"እኮ!" ብለው ተነሡ። ከኋላቸው ጣሪያው ሲያፈስ ከሌላ ክፍል የተጋዘ የፋይል ክምር ነበር፤ የረጠበው በገመድ ላይ ተሰጥቷል። እኔ ነገ እየተባልኩ ስመላለስ እሳቸው ለካ ዳንኤልን ፍለጋ ያንን ክምር ቅጠል በቅጠል ሲገልጡ ነው የከረሙት። ዳና ብለው ሲፈልጉ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተገኘሁ። አንደኛ ክፍል ያስመዘገበኝ አያቴ ዳና ብሎ ነበር ያስጻፈኝ፤ እኔ ረስቼዋለሁ።

ማመስገን ነበረብኝ። ግን አፍሬ ካርዱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ለምሳ ሲወጡ አብረን በሩ ላይ ደረስን። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ "ቦስ! ሰላም ነው ቦስ?" ብሎ ጮኸ። አቶ መርጊያ ባርኔጣቸውን አነሱለት።

"ሰሞኑን ሁሉም እንዲህ ይለኛል" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። "ይኸው ጡረታዬ ደርሷል፤ አንድ ቀን አለቃ ሆኜ አላውቅም። ሕዝቡ ግን አወቀልኝ። ለባለቤቴ ስነግራት አላምንህም አለችኝ።"

ክው አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሮጬ "ጋሼ፣ ያንን ድምፅ ልተወው" አልኩ።

"ተወው እንጂ! ቤቱንም ዝጋና ቁልፉን አምጣልኝ።"

"ሰውየው እኮ አከበሩኝ ብለው ነው የሚያስቡት።"

"ታዲያ ደስ ካላቸው አንተን ምን አነደደህ?"

ይህን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ቅዳሜ ሲደርስ አዳራሹ ገና ከመሞላቱ "ወዳጄ! ወዳጄ!" እያለ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባ ደግሞ ይጣፍጣል። አንዴ አልኩት፤ በሳቁ መሃል ሁለተኛም አልኩት። ከዚህ ሥራዬ ሁሉ የማፍረው በዚያ ቅዳሜ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑን እየነፋሁ ስሞክር የፊተኛው አግዳሚ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው አየሁ። አቶ መርጊያ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሕዝቡ አያቸውና ይጠቃቀስ ጀመር። ከኋላ አንዱ "ቦሱ ራሱ መጣ!" ሲል ሳቁ እንደ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እሳቸው አልዞሩም።

ፊልሙ ሄደ። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ቦሱ ገባ፤ ያው ባለ ብርቱካኑ ነው። ብርቱካኑን አነሳ። አፌን ከፍቼ ምንም አላወጣሁም። ልጣጩ ረዘመ፣ ረዘመ።

"ተርጉም እንጂ!" አሉኝ።

ጋሽ ባሳ ከበሩ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፤ "በል! በል!"

ከዚያ ቦሱን በገዛ ድምፄ አናገርኩት። በዚያች ቀጭን፣ ስቸኩል በምትንተባተበው በራሴ ድምፅ። "እኔ... እኔ ሰው የምጎዳው ለጭብጨባ ነው" አልኩ። ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

"ምን ሆኗል ዛሬ? ወዳጄን አምጣ!" ጩኸቱ በረታ።

አክተሩ ወንበር ላይ ታስሮ ነበር። ካሜራው ወደ እሱ ዞረ። ጎሮሮዬን ጠረግሁ። ረጋ ብዬ፣ እንደ መዝገብ ቤት ረጋ ብዬ፣ "ወዳጄ... ነገ እመለሳለሁ" አስባልኩት። ገመዱን በጠሰና በመስኮት ዘለለ።

"ኧረ ተሳሳትክ! ይሄ የቦሱ ድምፅ ነው!"

"አይደለም!" አልኩ በማይክሮፎኑ፤ "ሲጀመርም የአክተሩ ነው። ቦሱ ሰርቆት ነው የከረመው።"

ትንሽ ሳቅ ሆነ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ አክተሩ ከድልድይ ሥር አንድ ጎረምሳ ያገኛል። ጎረምሳው በልጅነቱ የጠፋ ወንድሙ ነው፤ ግን አይተዋወቁም። አክተሩ ትከሻውን ይዞ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። እኔም በዚያው ድምፅ፣ "ወዳጄ... እናትህ ቤት ውስጥ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?" አልኩ። የጎረምሳውን መልስ በወላይትኛ ሰጠሁት።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ስቅ ብላ አለቀሰች። አቶ መርጊያ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር። ወልውለው ሲጨርሱም አላጠለቁትም።

ሰው ሲወጣ እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ሄድኩ።

"አቶ መርጊያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ባለፈው ቅዳሜም መጥቼ ነበር" አሉኝ። "ከኋላ ቆሜ ነበር።"

ሁሉን ያውቁ ነበር ማለት ነው። አውቀው ነው ሙሉ ልብስ ለብሰው ፊት የተቀመጡት፤ ዓይኔ ሥር።

"እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ ወዳጄ" ብለው ቀጠሉ። "ከድልድዩ ሥር ሰውየው የጠየቀው ቦርሳው የት እንዳለ ነው።"

"ታዲያ ላርመው?"

አሰቡ። ጎሮሯቸውን ጠረጉ። "ተወው። ያንተው ይሻላል። ነገ እመለሳለሁ።"

"ጋላታይስ" አልኳቸው፤ ቢሮ ውስጥ የቀረብኝን ምስጋና በእናቴ ቋንቋ።

ተመለሱ። በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ፤ ከፊት ተቀመጡ። ከዚያ የከተማው ልጆች ሲያልፉ "አክተሩ! ሰላም ነው አክተሩ?" ይሏቸው ጀመር። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ጋሽ ባሳ ሳምንት አኩርፎኝ ሰነበተ፤ ኋላ ሰሌዳው ላይ በራሱ እጅ "ወዳጄ አይሞትም" ብሎ ጻፈ።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። መንጃ ፈቃዱንም አላወጣሁም። አሁን በፍላሽና በስልክ ፊልም የምጭንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። አቶ መርጊያ በከዘራ ይመጣሉ። "ወዳጄ፣ አዲስ ነገር አለ?" ይሉኛል። "ነገ ይመለሱ" እላቸዋለሁ፤ ስቀው ይቀመጣሉ።

እናንተ ዛሬ በኮምፒዩተር፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በተዘጋ ክፍል ፊልም የምትተረጉሙ ልጆች፣ ድምፃችሁ ከኔ ይልቅ የጠራ ነው። የምነግራችሁ አንድ የሥራ ነገር ነው። ለአክተሩ የምታውቁትን ሰው ድምፅ ስጡት። ለቦሱ የራሳችሁ ይበቃል።