ሴክሬታሪ ማለት

የእስር ክፍሉ በር ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገፉኝ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከበሰለ ሩዝ ውስጥ ጠጠር እየለቀሙ ግድግዳው ሥር ይደረድራሉ። ቀትር ላይ ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት አናት ይበሳል። «ወይ ጉድ!» ስል ሰምተውኝ ቀና አሉ።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ በጥሩ አማርኛ።

እንደኔው ደቡብ ሱዳናዊ ናቸው። በስደት ኢትዮጵያ ኖረው ከተመለሱ በኋላ ጁባ ውስጥ ለዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ላቲን ሲያስተምሩ ነበር የቆዩት። እስረኛው ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል፤ በጁባ ዐረብኛ መምህር ማለት ነው። እኔም አዲስ አበባ ያደግኩ ነኝና ወዲያው ተግባባን።

የታሰርኩት የአንድ የሰፈር ማኅበር ሴክሬታሪ ስለሆንኩ ነው። በስብሰባችን ላይ አንዲት ሴት ወንድሟን የወሰዱት ወታደሮች መሆናቸውን ተናገረች። ከድልድዩ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባለው ሰፈር ቲማቲም የምትቸረችር የሦስት ልጆች እናት ናት። በቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ ተናጋሪ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ደብተሩን ወስደውታል፤ የቀራቸው ስሟ ነው። ስሟን ከሰጠሁ እኔ እወጣለሁ፣ እሷ ትገባለች።

ይህን ሁሉ ለኡስታዝ ነገርኳቸውና «እኔ ተራ ሴክሬታሪ ነኝ፣ ምን አገባኝ፤ ስሟን እሰጣቸዋለሁ» አልኳቸው። ፈርቼ ነበር፤ ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጓደኞቼ «የሴት ሥራ» እያሉ ስለሚቀልዱብኝ ማዕረጉንም ወድጄው አላውቅም።

ኡስታዝ ሳቁ። «ተራ? የእንግሊዝኛው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

አንድ ጠጠር አንስተው አሳዩኝ። «በላቲን ቸርኔሬ ይህ ነው፤ ማበጠር፣ መለየት። ሴ ሲጨመርበት ለብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ይሆናል። ሴክሬቱም፣ ማለትም ምስጢር፣ ከዚያ ወጣ። ሴክሬታሪ ደግሞ ምስጢር የሚታመንበት ሰው ነው። ደብዳቤ መጻፉ ኋላ የመጣ ነው።»

«ኋላ?»

«ኋላ። አሁን ይህን ሩዝ ብላ» ብለው ጠጠሩን ለቅመው የጨረሱትን ሳህን ገፋ አደረጉልኝ።

በዚያ ቦታ ደስታ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ግን ደስ አለኝ። ሩዙንም ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። መኮንኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ።

«የተናጋሪውን ስም ጻፍና ሂድ።»

የራሴን ሙሉ ስም ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ሴክሬታሪ» ብዬ ፈርሜ በሁለት እጄ መለስኩለት። አንብቦ ቀደደው። ዘጠኝ ቀን ጨመሩብኝ፤ እኔም ከኡስታዝ ብዙ ቃል ተማርኩ።

ዛሬም የማኅበሩ ሴክሬታሪ ነኝ። ጓደኞቼ መቀለዳቸውን አልተዉም፤ ይቀልዱ። ቲማቲም የምገዛው ድልድዩን ተሻግሬ ከዚያችው ሴት ነው። ስለ ወረቀቱ የምታውቀው የለም። የተፈታሁ ሰሞን ገና ከሩቅ ስታየኝ «ኢታ ዌን?» ብላ ጮኸችብኝ፤ የት ጠፋህ ማለቷ ነው።

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኳት።