በቃሬዛ የሄደው ሳጥን

ሰሞኑን ታክሲዎች ሥራ ባቆሙበት ቀን የሰማሁት የእግር ኮቴ ነው ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ። ሌላ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ጆሮዬን የሚበጥሰው የረዳቶች ጩኸት ጠፍቶ፣ በምትኩ የኮልፌ ሰው በሙሉ በእግሩ ወርዶ አስፋልቱን ሲረግጠው ሰማሁና ወንበሬን አስወጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። በጣሊያን ጊዜ፣ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ሳይበቅሉ፣ የኮልፌ ጋሪዎች በአንድ ላይ የቆሙ ሰሞን መንገዱ ልክ እንዲህ ነበር የሚሰማው።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ክረምት ላይ የኮልፌ ጭቃ የሰውን እግር ይዞ አልለቅም ሲል፣ አባዬ ፈረሱን ጠምዶ የሰው እህልና እንጨት ሲያመላልስ ይውልና፣ ሲገባ በዝናብ የራሰውን የፈረስ ዕቃ አምጥቶ እሳት ዳር ይሰቅለው ነበር። ቤታችን እስከ መስከረም ድረስ እርጥብ ቆዳ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ስታማርር፣ አባዬ «እንጀራሽ እኮ ነው የሚሸትሽ» ይላት ነበር።

የእማዬ እውነተኛ ሐዘን ግን ሌላ ነበር። ታናሽ እህቷ እታለም በአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ቤት ሞግዚት ሆና ተቀጥራ ሳለ፣ ሰዎቹ ወደ አስመራ ሲዛወሩ ሕፃኑ ከእሷ እጅ በቀር አልበላም ስላለ ይዘዋት ሄዱ። ሲወስዷት «ለአንድ ክረምት ብቻ» ብለው ነበር፤ ያ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፣ እታለም ግን አልመጣችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እማዬ ሥራዋን አቁማ፣ አስመራም እንዲህ ይዘንብ ይሆን ብላ ትጠይቅ ነበር፤ ከቤታችን ማን ያውቃል?

መስከረም ጠብቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ፣ ከአስመራ ዕቃ ጭኖ የመጣ አንድ ሾፌር ደስ የሚል ወሬ ይዞልን መጣ። መሐንዲሱ ወደ ጅማ ሊዛወር ነው፤ ቤተሰቡ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ያርፍና ያልፋል፤ እታለምም አብራቸው አለች። ከዚያ ወዲያ እማዬ ሰው አልሆነችም። ወደ ልደታ ሜዳ የሚወርድ አውሮፕላን በኮልፌ ሰማይ ላይ ባለፈ ቁጥር፣ ድስቱን ጥዳም ቢሆን ትታ፣ እኔን በእጄ ጎትታ፣ እስከ ሜዳው አጥር ድረስ እየሮጠች ትሄድና፣ የሚወርዱት ወታደሮችና የፖስታ ከረጢቶች ብቻ መሆናቸውን አይታ አንገቷን ደፍታ ትመለስ ነበር። አባዬ «ሰማይ ላይ የሚበረውን ሁሉ ዘመድ አደረግሽው» እያለ ይስቅባት ነበር።

ጥቅምት ሊወጣ ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የአባዬ ጓደኛ ቶሎሳ ለወታደር ካሚዮን ቶሎ መንገድ አልለቀቅክም ተብሎ ከነአለንጋው ተወስዶ ታሰረ። ባለጋሪዎቹ ጋሼ ኑሪ ግቢ ተሰበሰቡ። ጋሼ ኑሪ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ዘመን «አንሠራም» ማለት አንገት የሚያስቀላ ነገር ስለነበረ፣ ማንም አንሠራም አላለም። ሁሉም ከጋሪው አንዳንድ ጎማ ነቅሎ ጋሼ ኑሪ ጓሮ፣ ከድርቆሹ ክምር ሥር ቀበረና፣ ሹም ሲመጣ «ጎማው ተሰብሮብኝ ነው ጌታዬ» ይል ጀመር። ቶሎሳ ሳይፈታ ማንም ጎማውን ላይነካ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ ማለ። ጣሊያኖቹ የአንድ ሰፈር ጎማ ሁሉ በአንድ ቀን መሰበሩ ቢገርማቸውም ጊዜ አላጠፉም፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ጤነኛ ወንድ እየያዙ የወታደር ካምፑን እህል በትከሻ ያስመላልሱት ጀመር። ልደታ ሜዳ ዕቃ የሚሸከሙት ኩሊዎችም አንድ ሳይቀሩ ለዚሁ ተወሰዱ።

እታለም የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው! እኔና እማዬ እንደ ልማዳችን አጥሩን ይዘን ስንጠብቅ፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ጫማ ያደረገች ቀጭን ሴት ከአውሮፕላኑ ስትወርድ እማዬ እኔን እየጎተተች ወደ መውጫው በር ሮጠች። ፒያሳ የሚያርፉበት ቤርጎ አውቶሞቢል መጥቶ መሐንዲሱን፣ ሚስቱን ሲኞራዋንና ሕፃኑን ጫነ። ሕፃኑ ከእታለም እቅፍ ሲወስዱት በመስኮት እጁን ዘርግቶ ሰማይና ምድሩን በለቅሶ አናጋው። አንድ ትልቅ የብረት ሳጥን አልገባ ብሎ ከእሷ ጋር ቀረ። መኪናው ከራቀ በኋላ ነው እህትማማቾቹ የተቃቀፉት።

«እታለምዬ፣ ልትቀሪልን ነው?»

«ሲኞራዋ ሳጥኑን ቤርጎ አድርሺና ሂጂ፣ ለቅቄሻለሁ ብላኛለች። መሐንዲሱ ግን ሳጥኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰ ሰርቀሻል ብዬ ለፖሊሶቹ፣ ለካራቢኔሪ ነው የምሰጥሽ አለኝ። ያውም የብር ዕቃቸው ያለው እዚህ ውስጥ ነው። በይ ጋሪ ጥሪልኝ፣ ባልሽ የት አለ?»

እማዬ የጋሪውን ነገር እዚያው ልትነግራት አልደፈረችም። «ሳጥኑ ላይ ተቀመጪ፣ እንዳትነሺ» አለቻትና ወደ ኮልፌ ይዛኝ በረረች።

አባዬ ነገሩን እንደሰማ ጋሼ ኑሪ ጓሮ ሄዶ ድርቆሹን ገለጥ አድርጎ በጎማው ላይ እጁን አሳረፈ። ባለጋሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የቶሎሳ ሚስት ጫልቱ ለባሏ ስንቅ ልታደርስ ብላ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«ጫልቱ፣ አንቺ ካልሽ ነው እንጂ እኔ አላወጣውም» አላት አባዬ፣ ሳያያት።

«ያንተ ጎማ ከወጣ ነገ የሌላውም ይወጣል፤ የኔም ሰውዬ እዚያው ይቀራል» አለች። «ያቺም ልጅ እንድትታሰር አልፈልግም።» ከዚያ ተነሥታ ከቤቱ ጀርባ ሄደችና፣ ሰፈሩ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚያደርስበትን ቃሬዛ እየጎተተች መጣች። «ይኼ ጎማ የለውም» አለች።

ጋሼ ኑሪ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ከታየ ወዲያው ተይዞ ወደ ካምፕ ነው፤ በሽተኛ የተሸከመን ግን ወታደርም ቢሆን ያሳልፋል። ደግሞ እንደ አገሩ ወግ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ጥቂት ሳይሸከም መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከልደታ ሜዳ አንስተው ቃሬዛው ላይ አጋደሙት፣ ጋቢ አለበሱት፣ በራስጌው በኩል የአባዬን ቆብ አደረጉለትና ወደ ፒያሳ ጉዞ ጀመርን።

እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ሳቄን ለማፈን ጉንጬን እነክስ ነበር። መንገደኛው ሁሉ «ምኑን ነው?» ይላል፤ አባዬ «ሆዱን» ይላል። «ይማርልሽ እናቴ!» ሲሏት እማዬ የእውነት እንባ እያወረደች «አሜን» ትላለች። አንዲት ባልቴት ለአፉ ብላ ሎሚ ራስጌው ሥር ሰካችለት። ተሸካሚው እየተቀባበለ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተተካ፣ አባዬና ጓደኞቹ ብዙውን መንገድ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እማዬ ኋላ፣ ያን ሁሉ ሰው ዋሸነው እያለች ስትጨነቅ «ግን እኮ ታምሜ የነበርኩት እኔ ነኝ» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ለጣሊያን ያደረ አንድ አስካሪ ወታደር አስቆመንና ጋቢውን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። እታለም ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጋሼ ኑሪ በዚያች ቀስ ባለች ድምፃቸው «ተስቦ ነው ልጄ» አሉት። አስካሪው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ተፈናጠረና እለፉ አለ። ግን «ተስቦ» የሚለውን ቃል የሰማው እሱ ብቻ አልነበረም። ተራቸውን ይዘው ከተሸከሙት መንገደኞች ሦስቱ እየተያዩ ቃሬዛውን አስቀመጡና መንገዳቸውን ቀየሩ፤ ማንስ ይፈርድባቸዋል? አራተኛው፣ አንድ ወጣት ሸማኔ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቀረ። አባዬ ተጠግቶት «ተወው ወንድሜ፣ እኛ እንይዘዋለን» ቢለው፣ «የጀመርኩትን በሽተኛ መንገድ ላይ አልጥልም» አለና የቀረውን ዳገት ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ጸሎት እያደረገ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተካ ወጣው።

ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል ከቤርጎው ጀርባ ደረስን። አባዬ ጋቢውን ገለጠው። ሸማኔው ሳጥኑን አየ፣ ሎሚውን አየ፣ እኛን አየ። ይመታናል ብዬ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ። አባዬ ነገሩን ሁሉ ከቶሎሳ ጀምሮ እያፈረ ነገረው። ሸማኔው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎን ስንጠጋው፣ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ነበር።

እታለም ከሳጥኑ ጋር ገብታ ቆየች፣ በጣም ቆየች። ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆን ብላ እማዬ አጥሩ ሥር ስትመላለስ፣ በመጨረሻ በጓሮ በር ብቅ አለች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ። ሲኞራዋ ልጁ ተኝቷል፣ ሳይነቃ ሂጂ ብላ በሩን ራሷ ከፍታላት ነበር። አባዬ ለሸማኔው «በሽተኛችን እሷ ነበረች» አለው። ሸማኔው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና፣ ከእውነተኛ ሕመም ለዳነ ሰው እንደሚባለው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» አላት። እታለም ያን ጊዜ ነው እንባዋን የለቀቀችው።

ካምፑ ያለ ጋሪ አልሆንለት ብሎ ኅዳር ሲገባ ቶሎሳ ተፈታ፤ የኮልፌም ጎማ ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብሮ እንደነበረው በአንድ ቀን ተጠገነ። እታለም ከእኛው ጋር ኖራ፣ ተድራ፣ ወልዳ ከብዳ በቅርቡ ነው ያረፈችው። የሸማኔውን ስም ግን አልጠየቅነውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታክሲ በጠፋበት በዚያ ጠዋትም አንዲት ልጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የጎተተችው ሻንጣ ጎማው ተሰብሮባት ከደጄ ፊት ለፊት ቆመች። አየር ጤና ወዳለ ሆቴል ነው የምትሄደው። በጆሮው የሙዚቃ ገመድ የሰካ አንድ ወጣት ሲያልፍ አያትና ተመልሶ፣ ምንም ሳይጠይቅ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አወጣው። በእኛ ጊዜ መጀመሪያ ምኑን ነው ይባል ነበር፣ ከዚያ ነው ትከሻ የሚሰጠው፤ የዛሬዎቹ ጥያቄውን ትተውታል፣ ትከሻው ግን አለ። አፌ አላርፍ ብሎኝ «ይማርልሽ ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቱ ግራ ተጋብታ እኔንም ሻንጣውንም አየች። ወጣቱ ግን ከጆሮው ገመዱን ነቀል አድርጎ፣ ሻንጣውን በትከሻው እያመቻቸ፣ ጎንበስ ብሎ «አሜን እማማ» አለኝና ሄዱ።