ዶክተር እኩዋ ያላጸደቀችው ጽሑፍ

እኩዋ አሚሳና ባሏ ኮቢና አኖማቦ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ሲጋቡ የተስማሙት ነገር አጭር ነው፤ መጀመሪያ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪውን ይይዛል፤ ሲመለስ ተራው የሷ ይሆናል። እኩዋ ቃሏን ጠበቀች። ጠዋት አንደኛ ክፍል ስታስተምር ትውላለች፣ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጃቸውን ባባን አዝላ ከእናቷ ጋር ዓሣ ስታጨስ ታመሻለች።

ኮቢና ተመርቆ መጣ። ወር አልፎ ወር ሲተካ፣ ስለ ተራው ትንፍሽ የሚል ጠፋ።

“የኔስ መቼ ነው?” አለችው አንድ ቀን።

“ምኑ?”

“ትምህርቱ ነዋ!”

ሳቀ። “አንቺ ሴትዮ፣ ፊደል ለማስቆጠር ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?”

ነገሩ እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀር ምናልባት ይረሳ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት የኮቢና አጎት ሞተው ተቀበሩ። ከተማው ሁሉ የሐዘን ቀይና ጥቁር ለብሶ ድንኳኑን ሞልቷል። እኩዋ መጠጥ ስታቀርብ ኮቢና ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ በእጁ አመለከታት።

“ሚስቴ ፕሮፌሰር ካልሆንኩ እያለችኝ ነው! ምርምሯ በልጆች ንፍጥ አጠራረግ ላይ ነው አሉ!”

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እናቱ እማማ ኤሲ ሳይቀሩ አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳቁ። በዓመቱ ኮቢና ባለ ዲግሪ መምህርት አገባና የእኩዋን ዕቃ በወንድሙ ጋሪ አስጭኖ እናቷ ደጅ አራገፈው።

ሰው የሚማረው ዕውቀት ወዶ ነው ይባላል። እኩዋ የተማረችው በቂም ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራን ለሚማሩበት መርሐ ግብር ተመዘገበች፤ ዲግሪዋን፣ ቀጥላ በትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። የስታቲስቲክስ ነገር አልገባ ብሏት ልትተወው ስትል የዚያ ድንኳን ሳቅ ጆሮዋ ላይ ይጮሃል፤ ደሟ ይፈላል፤ ተመልሳ ታቀረቅራለች። አብራት የምትማር ሴት፣ “ይሄን ጉልበት ከየት ነው የምታመጪው?” ብትላት፣ “ከባሌ” ብላ መለሰችላት። ዶክትሬቷን የአጥማጆች ልጆች ማንበብ እንዴት እንደሚለምዱ አጥንታ አገኘችና እዚያው በተማረችበት ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆና ቀረች።

ዓመታት አለፉ። ኮቢና ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኖ ነበር፤ ርዕሰ መምህር ለመሆን ግን ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለ። በስተርጅና እኩዋ የምታስተምርበት ክፍል ተመዘገበ። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች ሲደለደሉ ስሙ ተነበበ፤ ታሪኩን የሚያውቁት መምህራን ተያዩ።

“እሱን ለኔ ስጡኝ” አለች እኩዋ።

“ርግጠኛ ነሽ?” አሏት የክፍሉ ኃላፊ።

“እዚህ ካላችሁት ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ።”

ቢሮዋን አንኳክቶ ሲገባ ፀጉሩ ሸብቷል።

“እኩዋዬ! መቼም የእግዜር ሥራ...”

“ዶክተር አሚሳ እባላለሁ። ይቀመጡ፣ አቶ ኮቢና።”

ያ “ይቀመጡ” የሚለው ቃል በጥፊ ያለችው ያህል ተሰማው። “ምነው፣ አንቺና አንተ አልነበርንም እንዴ?”

“ጽሑፉን ይዘዋል?”

የመጀመሪያው ጽሑፍ በእርግጥም የማይረባ፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነበር። መለሰችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም መለሰችው። “ናሙናው እንዴት ተመረጠ? ይህን ያለው ማን ነው?” ትለዋለች፤ ከጻፈችው እርማት ውስጥ እንከን የሚወጣለት አልነበረም። ኮቢና ቃለ መጠይቁን እንደገና ለመሥራት በየመንደሩ ተንከራተተ። ወረቀቱን ታቅፎ በጠራራ ፀሐይ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሲያዘግም በመስኮት እያየችው ልቧ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ሲጨንቀው ሽማግሌ ላከ። እማማ ኤሲ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሁለት ዘመድ አስከትለው፣ እንደ ደንቡ የአረቄ ጠርሙስ ይዘው ቤቷ መጡ።

“ልጄ፣ ጡረታው ደርሷል። አታዋርጂው” አሏት።

“እማማ፣ ያን ቀን እርስዎም ስቀዋል።”

“ስቄያለሁ” አሉ አሮጊቷ።

“እንግዲያው ጠርሙስዎን ይዘው ይመለሱ።”

ክንዳቸውን ደግፋ እስከ በር ሸኘቻቸው፤ ደረጃው ያዳልጥ ነበር።

በመጨረሻ ያመጣው ጽሑፍ ጥሩ ነበር። እኩዋ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ አነበበችው፤ እንከን ፈለገች፣ አጣች። ስሙ የሌላ ተማሪ ቢሆን “እንኳን ደስ አለህ” ብላ ትፈርም ነበር። ብዕሯን አንስታ “ምዕራፍ አራት እንደገና ይሠራ” ብላ ጻፈችበት።

ኮቢና ቆሞ አነበበው። “ምኑ ነው የጎደለው?”

“ሠርተህ አምጣው።”

“አንተ” ስትለው ነገሩ የጽሑፉ እንዳልሆነ ገባው። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ስድሳ ዓመት ሞልቶት በምክትልነቱ ጡረታ ወጣ፤ የርዕሰ መምህርነቱ ቦታም ለአንዲት ወጣት መምህርት ተሰጠ።

ታኮራዲ ከተማ ነርስ የሆነችው ባባ ወሬውን ሰምታ ደወለች።

“እማ፣ አባባ ጽሑፌ ጥሩ ነበር ይላል። እውነቱን ነው?”

“እውነቱን ነው።”

“ታዲያ ለምን?”

“እኔም ጥሩ ነበርኩ።”

በልጆቿ ጫጫታ መሐል ባባ ስልኩን ዘጋች። ለፋሲካ ባባ አልመጣችም። ለገና ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ግን ሻንጣዋን ያወረደችው አባቷ ቤት ነው። እኩዋ ይህን ከጎረቤት ሰምታ ለእነሱ የሠራችውን ምግብ ከደነችና የተማሪዎቿን ፈተና ማረም ጀመረች። ለብዙዎቹ በልግስና ነጥብ ሰጠቻቸው።