የዓሣው ጾም

በላሊበላ ዓሣ የምናጠምድ ሰዎች ሁላችንም በአንድ ባጃጅ እንጫናለን። ሹፌሩም ከአጥማጆቹ አንዱ ስለሆነ ከኋላ ቦታ ይተርፋል። እሱ፣ ድንጋይ ጠራቢው ጎረቤቴና እኔ ነን። ዓለም ሁሉ ድንጋይ ሊያይ በሚመጣበት ከተማ፣ ለድንጋዩ ጀርባችንን ሰጥተን ቁልቁል ወደ ተከዜ መውረዳችንን እንደ ክህደት የሚቆጥር አለ። እኔ ግን ብዙ ሰው ወደሚያይበት አቅጣጫ ስዞር ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴን ያመኛል።

ሦስት አጥማጅ ላለው ከተማ አንድ የማጥመጃ ሱቅ መኖሩ ትንሽ ተአምር ነው። ሱቁ ከገበያው በላይ ነው። ባለቤቱ ምስማር፣ ገመድ፣ ጧፍ፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ጥግ ላይ መንጠቆ፣ ናይለንና ክሩን የሚያሰጥም እርሳስ ተሰቅሏል። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ እርጥብ አፈርና ትል ነው።

ስለ ዓሣ ማጥመድ የተጻፈ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲያውም ከማጥመዱ ማንበቡ ይቀናኛል። ጸሐፊዎቹ ጥሩ ሱቅ ማለት ትኩስ ትል፣ በየመጠኑ መንጠቆና ማልዶ የሚከፈት በር ነው ይላሉ። አጥማጅን አያውቁትም። አጥማጅ ሲሄድ ተስፋ የሚሰጠው፣ ሲመለስ ደግሞ ከረጢቱን የማያይበት ሰው ነው የሚፈልገው። የኛ ባለ ሱቅ ሁለቱንም ይችሉበታል። ጠዋት ስንሄድ፣ ውሃው ጠርቷል፣ ትላንት አንዱ ክንድ የሚያክል አወጣ ይሉናል። ያ አንዱ ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። የከተማው አጥማጆች በሙሉ እፊታቸው ቆመናል።

ጉድለታቸው ቅኔ ቤት መግባታቸው ነው፤ የባሰው ጉድለት ደግሞ ሳይጨርሱ መውጣታቸው። የጨረሰ ሰው ያርፋል፤ ያልጨረሰ ዕድሜ ልኩን ተከራካሪ ይፈልጋል።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ራሱ በኛ አገር ያልተቋጨ ነገር ነው። ከደብሩ ሰዎች ብዙዎቹ በየትኛውም ጾም አይነኩትም። በዐቢይ ጾምማ የሚደፍር የለም። ከገና በፊት ባለው በነቢያት ጾም ግን የሚበላ ይበላል። ባለ ሱቁ በዚህ ላይ የራሳቸውን ምዕራፍ ጨመሩበት። ትል ሥጋ ነው አሉ። ስለዚህ በጾም ወራት፣ ረቡዕና ዓርብም፣ ትሉ እንደ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ቆርቆሮው ይከደንና ድንጋይ ይጫንበታል። በምትኩ የስንዴ ዱቄትና ሽሮ በኑግ ዘይት አሽተው ይሸጡልናል። ጾም ሲፈታ ደግሞ ያው ሊጥ በሌላ ሳህን በቅቤ ይታሻል። በፋሲካ ሰሞን የተከዜ ዓሣ ከብዙ ደመወዝተኛ የተሻለ ይበላል።

ምክንያታቸው፣ ጾመኛ ሰው ዓሣ የሚበላው ዓሣ ከሥጋ ስለማይቆጠር ነው፤ ሥጋ ጎርሶ የተያዘ ዓሣ ግን ሥጋውን ይዞ ድስት ይገባል የሚል ነው። ሕጉ ክርስቲያን ብቻ ላይ ይሠራል። የባጃጅ ሹፌራችን ሙስሊም ስለሆነ ጾምም ይሁን ፍስክ ትል ይሸጡለታል፤ በጾም ትል ያማረው ክርስቲያን ባጃጅ ይጠራል። አንድ ጊዜ ረጅም ዘንግ የያዘ ፈረንጅ ዓርብ ቀን ትል ቢጠይቃቸው በአስጎብኚው በኩል ሃይማኖቱን ጠየቁት። ሰውየው ግራ ገብቶት ፓስፖርቱን አወጣ።

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ እያየሁ ስኖር፣ ባለፈው የነቢያት ጾም መግቢያ ላይ ታላቅ እህቴ ደሴ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከኔ ቤት አረፈች። ኑሮዋ ኩልመስክ ነው፤ እስክታገግም ከኔ ጋር ትቆይ ተባለ። ሐኪሙ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አዘዘ። የንስሐ አባቷ መጥተው ታማሚ ነሽ፣ ብይ ብለው ፈቀዱላት። እትዬ መስቀላቸውን ተሳልማ ከሸኘቻቸው በኋላ፣ እሳቸው ፈቀዱ፣ እኔ ግን ለራሴ አልፈቀድኩም አለች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የገና ዕለት በገዛ እግሯ ወርዳ ቤዛ ኩሉን ማየት። ካህናቱ ከላይ ከዐለቱ ጫፍ፣ ከታችም ከቅጽሩ ሆነው ሲያሸበሽቡ ሳታይ ያለፈ ገና የላትም። አሁን ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው፤ ኩባያ ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል። በሽሮ ብቻ እስከ ገና እግሯ እንደማይጸና ሐኪም መሆን ሳያስፈልግ ይታያል።

ዓሣስ አልኳት። አሰበች።

«በምን ተይዞ?» አለች።

የባለ ሱቁ ትምህርት ኩልመስክ ድረስ መዝለቁን ያወቅሁት ያኔ ነው። በሳቸው ሊጥ ከተያዘ እንደምትበላ ነገረችኝ። ሊጡንማ እኔም ማሸት እችላለሁ ብላት፣ ከማዕድ ቤቴ ዕቃ ውስጥ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አንድ ሳህን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አልነበረኝም። መዋሸትም አይቻልም፤ ዓሣ በመጣ ቁጥር የጎረቤት ሴት ሱቁ ድረስ ልካ ታጣራለች።

እንዲህ ሆነን ቀጠልን። እኔ አጠምዳለሁ፣ እሷ ትበላለች። ፊቷ መለስ አለ። ከቤት ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች፤ ከዚያም ስለ ቤቴ አያያዝ ትነቅፈኝ ጀመር። እኔ ከዚህ የበለጠ የጤና ምልክት አላውቅም።

ሁሉ ነገር ደህና እየሄደ ሳለ አንድ ቅዳሜ ሊጥ ልገዛ ሄድኩ። ገበያ ነው፤ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ሰው በተሰበሰበበት እኔ አልታመንም። ባለ ሱቁ ከሙጃ አገር ምስማር ልትገዛ ለመጣች ሴት ስለ ዓሣ ጾም ያስተምራሉ። ሴትየዋ ምስማሯን ብቻ ነው የምትፈልገው። ዝም ብዬ ሊጤን ይዤ መውጣት እችል ነበር።

«አባቴ፣ ዓሣው የእርስዎ ሊጥ ጋ ከመድረሱ በፊት ምን ሲበላ የከረመ ይመስልዎታል?» አልኩ።

«የወንዝ ነገር ነዋ።»

«የወንዝ ነገር ትል ነው፣ ዝንብ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዓሣ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ይሰለቅጣል። የእርስዎ ሊጥ የሚያርፈው ሥጋ የጠገበ ሆድ ላይ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ሴትየዋ እንኳ ምስማሯን ረስታ ሳቀች። ባለ ሱቁ ግን አልሳቁም፤ ጢማቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ እንደ ድል አድራጊ እየተንጎራደድኩ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ስመለስ ጥጉ ባዶ ነው። መንጠቆው የለም፣ ናይለኑ የለም፣ የሊጡ ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል። ቆርቆሮውም ከነትሉ ተነስቷል። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አሳመንከኝ፣ መምህር» አሉ።

ዓሣው ሁልጊዜ ሥጋ የሚበላ ከሆነ ለጾም የሚሆን ዓሣ የለም፤ ለጾም የሚሆን ዓሣ ከሌለ ደግሞ በጾም መንጠቆ መሸጥ ሰውን ማሳት ነው። እስከ ገና ለማንም አይሸጥም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በቁጭት ሳይሆን በምስጋና ነው።

ዕድሜዬን በጋዜጣና በመጽሔት ላይ ስከራከር ኖሬያለሁ። መንግሥታትን መክሬያለሁ፤ አልሰሙም። ወጣቶችን ገሥጫለሁ፤ አላነበቡም። የቀድሞ ሚስቴን ላሳምናት ሞክሬ ያተረፍኩት የቀድሞ መሆኗን ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በክርክሬ ሐሳቡን የለወጠ አንድ ሰው ባገኝ፣ እሱም እህቴን የሚመግባት ሰው ሆኖ ተገኘ።

ድንጋይ ጠራቢው ሰላምታ ነሳኝ። የባጃጅ ሹፌሩ መንገድ ላይ አቁሞ በመስኮት አንገቱን አወጣና «ወንድሜ፣ እኔን እስላሙን እኮ የነቢያት ጾም አስጾምከኝ» አለኝ። ባለ ሱቁም ለገባ ለወጣው አዲሱን ትምህርት ያስተምራሉ፤ በየመሐሉ «ከመምህሩ ነው ያገኘሁት» እያሉ እኔን ያነሳሉ።

እትዬ በዚያው ቀን ሰማች። የቀረውን ዓሣ አቅርቤላት ነበር፤ ሳህኑን በጣቷ ጫፍ ገፋችው። ወደ ሽሮዋ ተመለሰች፤ እሱንም ሦስት አራት ጉርሻ ብላ ትተወዋለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ፀሐይ መሞቁ ቀረ። አንድ ጠዋት እንደገና ግድግዳ ይዛ ስትሄድ አየኋት። ስለ ቤቴ አያያዝም አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የፈራሁት ያኔ ነው።

የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄጄ ጉዳዩን አስረዳሁ። አባ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ እኔ በሬውን ፈቅጄላት አልበላችም፣ አሁን ሊጥ ብፈቅድ ምን ላመጣ ነው አሉኝ።

ስለዚህ የቀረኝ መሸነፍ ብቻ ነበር። ቀላል ይመስላል። ሌላውን ለመርታት ብዙ መጻሕፍት አሉኝ፤ ራሴን የምረታበት አንድም አልነበረኝም። ተሳስቻለሁ ብሎ መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ቅኔ ቤት ያየ ሰው ምክንያት ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ስንጎራደድ እትዬ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ቤዛ ኩሉ እየቀረበ ነው።

መልሱ የመጣልኝ እንግዳ ቤቴ መጥቶ ምሳ ስጋብዘው ነው። በልቼ ነው የመጣሁት አለኝ። እኔም ምን በልተህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜን ጠበቅኩ። ሰው ፊት የረታሁትን ሰው ፊት ነው የምሸነፈው። ሱቁ እንደ ልማዱ ሞልቷል፤ ድንጋይ ጠራቢው ገመድ እየለካ ነው።

«አባቴ፣ ያን ቀን ተሳስቼ ነበር» አልኩ።

ድንጋይ ጠራቢው ገመዱን ይዞ ቀጥ አለ። ይህን ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

«በጾም ቀን እንግዳ ቢመጣብዎ፣ ከቤትህ ምን በልተህ መጣህ ይሉታል?»

«ነውር ነው።»

«ጮማ በልቶ መጥቶ ቢሆንስ?»

«የራሱ ጉዳይ። እኔ የምጠየቀው ባቀረብኩለት ነው።»

«እንግዲያ ዓሣውም እንግዳ ነው። በወንዙ የበላው የራሱ ጉዳይ፤ እኛ የምንጠየቀው ባቀረብንለት ሊጥ ነው።»

ባለ ሱቁ ጢማቸውን ያዙ። ደጁንም፣ ጣሪያውንም፣ እኔንም አዩ።

«ይህንንማ ያኔውኑ አውቄው ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዘጉት?»

«ካንተ አፍ እስኪወጣ ነዋ። አንተ ሰው ከነገረህ አይገባህም።»

ከረታሁበት ቀን ይልቅ ተሳቀ። አውቀውት ነበር ወይስ አላወቁትም የሚለውን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም፤ ሰው ሁሉ ግን አውቀውት ነበር ብሎ ያምናል። ባለ ሱቁ የሊጡን ሳህን ገለበጡት፤ ሽሮውን ሲያሹ ትከሻቸው እንደ ወጣት ይሠራ ነበር።

ያን ዕለት ባጃጁ እስከሚወስደን ድረስ ወስዶን የቀረውን በእግር ወረድን። መጀመሪያ የወጣልኝ አምባዛ ነው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እትዬ ፊት አይቀርብም፤ ለሹፌሩ ሰጠሁት። ከዚያ ረጅም ሰዓት ምንም የለም። የምንመለስበት ሰዓት ሲደርስ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ አንድ ደህና ዓሣ ሊጡን ጎረሰ። ክንድ አያክልም፤ ግማሽ ክንድ ያክላል ብል ማንም አይከሰኝም።

ጠብሼ አቀረብኩላት።

«በምን ያዝከው?»

«በሳቸው ሊጥ።»

«እሺ ብለው ሸጡልህ?»

«ረቱኝ» አልኩ።

«አንተን?»

ነገሩን ነገርኳት። እንግዳው ጋ ስደርስ ሳቅ ጀመራት፤ ባለ ሱቁ «አውቄው ነበር» ያሉት ጋ ስደርስ የተሰፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ስፌቴ ይፈታል ተው እያለች ሳቀች። ከዚያ ዓሣውን እስከ አጥንቱ በላችው። ከዚያ ወዲያ ዓሣ በቀረበ ቁጥር እንዴት እንደተረታሁ ድገምልኝ ትላለች። እደግማለሁ። አንዳንዴ የጠገናት ዓሣው ይሁን ሽንፈቴ መለየት ያቅተኛል።

የገና ዕለት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ ዘንግ፣ በሌላው ክንዴን ይዛ ከቤት ወጣን። መንገዱ ከየአገሩ በመጣ ሰው ተሞልቷል። በሱቁ በኩል ስናልፍ ባለ ሱቁ ነጭ በነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ሱቁ ዝግ ነው፤ የትሉ ቆርቆሮ ግን ደረጃው ላይ ወጥቷል፤ ድንጋዩ ተነስቶለታል። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ባለ ሱቁ የእትዬን መቆም አይተው አምላካቸውን አመሰገኑ፤ ቀጥለውም፣ ዓሣው እንግዳ ነው የሚለውን ትምህርት እንዴት ከኔ እንዳወጡት ያጫውቷት ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ቀዳዳው የታየኝ። እንግዳ ጋብዞ ከንፈሩን በመንጠቆ ወግቶ፣ ጎትቶ ድስት ውስጥ የሚጨምር ባለቤት ምን ዓይነት ባለቤት ነው? ክርክሩ ከላይ እስከ ታች ይፈርሳል። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። አፌን ከፈትኩ።

ክንዴን የያዘው እጅ ጠበቀ። በኅዳር ኩባያ ማንሳት ያቃተው እጅ ነው፤ አሁን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«ወንድምዓለም፣ እንውረድ» አለች እትዬ።

አፌን ዘጋሁና ወረድን።