ስትወጣ ማን ይቀበልሃል?

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ወህኒ ቤት እስረኞችን ይመክሩ ነበር። «ምን አጥፍተህ ገባህ?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ «ስትወጣ ማን ይቀበልሃል?» ነበር፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሽማግሌዎች መሃል አድርገው ካላስገቡት ቀዬው አይገባምና።

እኔ ያኔ ፍስሐ ገነት ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን በጭነት መኪና ሹፌር ደብዳቤ ላኩልኝ፦ «የሬኮው ልጅ ሐሙስ ይፈታል። ሽማግሌዎቹ መንደሩ መግቢያ ድልድዩ ጋ ይጠብቁት። ንገሪያቸው፣ አደራ።» ሬኮ መንደር ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዝናቡም አላባራ አለ። ረቡዕ ገበያ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ደብዳቤውን ደብተር ውስጥ ከተትኩት። ረቡዕ ዝናቡ ባሰና ከሬኮ ማንም ገበያ አልወጣም። ሐሙስ ደግሞ ክፍል ነበረኝ።

ልጁ ድልድዩ ጋ እስኪመሽ ቆሞ ተመለሰ አሉ። የት እንደገባ እናቱም አላወቁ፣ ጋሼም ፈልገው አጡት።

ጋሼ አልተቆጡኝም። «ዝናብ ነበር፣ ምን ታደርጊ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን መልእክት ሲኖራቸው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ራሳቸው ይመጣሉ። እኔ ቤት ያድራሉ፣ እራት እንበላለን፤ የያዙት ደብዳቤ ግን ከኮታቸው ኪስ አይወጣም። «ጋሼ፣ እኔ ላድርሰው» ማለት አቃተኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ሲያርፉ መርዶውን ሬኮ ላሉት ሽማግሌዎች የማድረስ ተራ የኔ ሆነ። ያን ቀንም ይዘንብ ነበር፤ ሰዓት ሳላሳልፍ ሄድኩ። ስለ ደብዳቤው አንድም ቀን ያልነገርኳቸው የልጁ እናት መርዶውን ሰምተው አለቀሱ። ከዚያ እጄን ያዙና፣ «ልጄ ወደዚያኛው ዓለም ቀድሟቸው እንደሆነ፣ እሱ ይቀበላቸዋል» አሉኝ።