ቃሪያ የተሰካበት ትሪ

ልጄ ቤዛ ከባሕር ዳር በመጣች ቁጥር ወጥ ቤቴን ትወርሰዋለች፤ ባለፈው የጾም ሰሞን ደግሞ በስልኳ ያየችውን «የሜዲትራኒያን የእረኛ ፓይ» ካልሠራሁ ብላ፣ የእንጅባራ ድንች ሁሉ እኛ ቤት የገባ እስኪመስል ድረስ ስትልጥ አረፈደች። ከሥር የሚገባው የበግ ሥጋ ነበር፣ እሷ ግን ለአያቷ ስትል በምስር ለወጠችው፤ ምስሩን ከቲማቲምና ከበደርጃን ጋር አብስላ፣ ቀረፋ ነስንሳ፣ በወይራ ዘይት ያሸችውን ድንች እንደ ክዳን ደፋችበትና ኦቨን ውስጥ ከተተችው። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ነገሩን ሁሉ ስትከታተል ቆይታ፣ እረኛ ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ ነው የሚበላው፣ እኛ የምናውቀው እረኛ ቆሎውን ነው የሚቆረጥመው ብላ አሳቀችን።

የድንቹ ላይ ቀላ ሲል የወጣው የቀረፋና የቲማቲም ሽታ ግን ሳቄን ቀማኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ዳንግላ፣ እትዬ ዘይነባ ጓዳ ውስጥ ቆሜ አሽትቼዋለሁ፤ በእሱ ምክንያት የሠራሁትን ጥፋትም እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም ሳልናገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬአለሁ።

እትዬ ዘይነባ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች፤ ባሏ ገበያው ዳር የጨርቃጨርቅ ሱቅ ነበረው። በልጅነቷ አሥመራ አንድ ግሪካዊ ቤት ተቀጥራ ስለነበር ዳንግላ ውስጥ ማንም የማያውቀውን ምግብ ታውቅ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው «የግሪክ ድንች» የምትለው ነው፤ ከሥር በቀረፋ የበሰለ የተከተፈ የበግ ሥጋ፣ ከላይ የተደቆሰ ድንች። ኦቨን የሚባል ነገር ስላልነበራት እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከላይም ፍም አድርጋ ታበስለዋለች፤ ላዩ ላይ ያለው ቆርቆሮ በተነሳ ቁጥር ሽታው በግድግዳችን ስንጥቅ አልፎ እኛ ቤት ይገባና የእናቴን ሽሮ መና ያስቀረዋል።

እናቴና እሷ ከእህትማማች አይተናነሱም ነበር። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አራሽ፣ አንዷ ስታዝን ሌላዋ አልቃሽ። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እኛ ክርስቲያን ያረደውን፣ እነሱ እስላም ያረደውን ነው የምንበላው፤ ለዚህም እትዬ ዘይነባ ዘዴ ነበራት። ለኢድ ሁለት ትሪ ትሠራለች፤ አንዱን በሥጋ ለቤቷ፣ ሌላውን በምስር ለእኛ። ድንቹ ከተደፋበት በኋላ ሁለቱ ስለማይለዩ በእኛው መሐል ላይ አንዲት ቃሪያ ትሰካበታለች፤ እናቴም ቃሪያዋን ካየች በኋላ ዓይኗን ጨፍና ትቆርሳለች። በዓሉ ካለፈ በኋላ ትሪው ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ወይ ቆሎ ወይ እንቁላል ወይ የፈካ ፈንድሻ ሳይደረግበት የእናቴ እጅ የሰው ዕቃ አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ኢድ ከጠዋት ጀምሮ እትዬ ዘይነባ ጓዳ ነበርኩ፤ ረዳኋት ለማለት ድንች ልጬ ነበር፣ ከላጥኩት የበላሁት ይበልጣል እንጂ። ትሪዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ እንግዶች ለመቀበል ወጣ አለች። እኔና ሽታው ብቻችንን ቀረን። ምስሩን በየዓመቱ በልቼዋለሁ፣ ሥጋውን ግን በሕልሜ ብቻ ነው የማውቀው። በጣቴ ልቆንጥር ብል ድንቹ ላይ ምልክቱ ይቀራል፤ ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት አእምሮዬ ሳሰላ ቆየሁና፣ ቃሪያዋን ከእኛው ነቅዬ በእነሱው ላይ ሰካኋት። ሥጋ ሥጋ ነው፣ ማን ያውቃል ብዬ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ የእኔው ሁለቱም ጥሬ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ተመልሳ ቃሪያ ያለበትን አንስታ ሰጠችኝ፤ ግንባሬንም ሳመችኝ። እናቴ እንደልማዷ አማትባ ቆረሰች፤ ጎረሰች፤ ደገመች። ሁለተኛው ጉርሻ አፏ ውስጥ እያለ ማኘኳን አቆመች። እኔ ገና እጄን እንኳ አልዘረጋሁም ነበር። እዚያ ማዶ ደግሞ ሥጋ ብለው የተቀመጡ የኢድ እንግዶች ምስር አግኝተው ኖሯል፤ እትዬ ዘይነባ ሻሿ ከራሷ ወርዶ፣ ጫማ እንኳ ሳታደርግ እየሮጠች ደጃችን ላይ ደረሰች። የእናቴን ፊት አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ቃሪያዋ የተነቀለችበትን ጉድጓድ ቤቷ ባለው ትሪ ላይ አይታ ነው የመጣችው፤ ማን እንደሠራው አውቃለች። አባቴ በዚያን ጊዜ ቀበቶውን ለማውለቅ ሰበብ የሚፈልግ ሰው እንደነበረም ታውቃለች።

«እኔ ነኝ እታለም» አለቻት። «እጄ ተሳሳተ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለ ነበር። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ንስሐዋን ተቀበለች፣ ሰገደች። ሰፈሩ ግን አፍ አለው፤ ይህን ያህል ዓመት ያልተሳሳተች ሴት ዛሬ እንዴት ተሳሳተች፣ ሆን ብላ ቢሆንስ የሚል ወሬ ከውኃ መቅጃው ተነስቶ ቤታችን ገባ። እናቴ ወሬውን አላመነችም፣ ግን አላባረረችውምም። በሦስተኛው ቀን ትሪውን አጥባ፣ አድርቃ፣ አድርሺላት ብላ ሰጠችኝ። ባዶውን ነበር። እትዬ ዘይነባ ተቀብላኝ ባዶውን ትሪ እያየች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ራሴን ዳበስ አድርጋ፣ አይዞሽ አለችኝ። ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ሁሉም እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ የሚባለው ቀን ደግሞ ለፈሪ አይደርስለትም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ «እንደምን አደርሽ» ብቻ ቀረላቸው። የሚቀጥለው ኢድ ትሪ አልመጣም። የአባቴ ሥራ ወደ እንጅባራ ሲዛወር እትዬ ዘይነባ ዕቃችንን ስትጭን አብራን ዋለች፣ እናቴም አመሰገነቻት፣ እንደ እንግዳ። ማረፏን የሰማነው ከተቀበረች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናቴ ያን ዕለት፣ እኔ እንኳ ይቅር ካልኳት ቆይቻለሁ ብላ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አደረገች።

እንግዲህ ቤዛ ፓይዋን አውጥታ ፊቷ ስታቀርብላት እናቴ ያደረገችው ነገር ነው የጣለኝ። ከመጉረሷ በፊት በማንኪያዋ ጫፍ የድንቹን ጠርዝ ቀስ አድርጋ ገለጠችና ከሥሩ ያለውን አየች። የተሸፈነ ምግብ ሲቀርብላት ይህን ታደርጋለች፤ ከዚያ ኢድ ወዲህ እንዲህ ናት። የልጅ ልጇ በጇ የሠራችላትን እንኳ ሳታይ አትጎርስም። ይህን አመል ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ነገርኳት። ቤዛ ማንኪያዋን ይዛ እንደ ቆመች፣ ቃሪያዋን፣ ጉድጓዱን፣ የአባቴን ቀበቶ፣ ሁሉንም። ትቆጣኛለች ብዬ፣ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እናቴ ማንኪያዋን ሳህኑ ዳር አስቀመጠች።

«ይቅር ብያታለሁ እያልኩ ነበር እኮ የኖርኩት» አለች። «ምንም ላላደረገች ሴት።» እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «ትሪዋን ባዶውን መለስኩላት።»

ቅዳሜ ቤዛ ሁለተኛ ትሪ ሠራች። እናቴ መሐሉ ላይ ቃሪያዋን በራሷ እጅ ሰካችና በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ሄድን፤ ትሪውን እኔ ልያዝልሽ ብላት አሻፈረኝ ብላ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ተጓዘች። ሱቁን ዛሬ የያዘችው የእትዬ ዘይነባ ልጅ ፋጡማ ናት፤ ያኔ ገና የምትታዘል ሕፃን ነበረች። እናቴን አቅፋ ሳመቻት፣ አስቀመጠችን፣ ክዳኑን ስትከፍት ሽታውን አውቃ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ቃሪያዋን ግን ነቅላ ሳህን ዳር አስቀመጠቻትና፣ ይቺ ለጌጥ ናት እንዴ አለች። እናቴ ቃሪያዋን ከሳህኑ ዳር አንስታ እጇ ውስጥ ያዘቻት። የዚያችን ቃሪያ ትርጉም የሚያውቅ ከእኔና ከእናቴ፣ ከእኛም ከሰማችው ከቤዛ በቀር በምድር ላይ ማንም እንዳልቀረ ያኔ ገባኝ።

ልንወጣ ስንነሳ ፋጡማ ትሪውን አጥባ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ስትመለስ ቴምር ሞልታበታለች። እናቴ፣ ኧረ ምን በወጣሽ፣ ተይው ብትላት፣

«እማዬ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትለን ነበር» አለቻት።

እናቴ እስከ እንጅባራ ድረስ ትሪውን እንዳቀፈች ነበር። አንዲትም ቴምር አልቀመሰችም።